ሰኞ ማክሰኞ

ሲስተር ባንቻምላክ ክንዴን አስራ ነፋች፣
ቁጥሩን አይታ ዝም፣ ደግማ ቁጥር ጻፈች።
«ጨው ይቀንሱ» አለች፣ «እሱ ነው የሚጎዳዎ፤
በእግርም ይሂዱ፤ ጣና ዳር ነው ሜዳዎ።»

ጨዉን ቀነስኩት፤ ወጡ ውሃ ሆነ፣
ትከሻዬ ግን ያው፣ እንደ ግንብ ደነደነ።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በውሃ ቢሮ ጥግ፣
ደረሰኝ ስመረምር፣ ማኅተም ሳደርግ፣
እኔ ስገባ ነው ሳቅ የሚያፈገፍግ።
«እትዬ ያለምዘውድ ጨዋ ናቸው» ይላሉ፤
ጥርሴን ያዩት ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ።

እሄዳለሁ ታዲያ፣ አሥራ አንድ ተኩል ሲል፣
ዘንባባዎቹን አልፌ፣ እንደ ገባሁት ውል፤
አላይም ጣናን፣ አላይም ታንኳውን፣
እቆጥራለሁ ብቻ ቀሪ እርምጃውን።

አንድ ሐሙስ ሽምብጥ ጋ፣ ከዓሣ ጥብሱ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣
በሲሚንቶው ወለል በከሰል ተስሎ፣
አገኘሁት፦
ሰኞ ማክሰኞ።
የቀኖቹ ሣጥን፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣
ጠርዙ ተንጋዶ፣ እሑድ የምትባል ሰፊ እንደ ሰማይ።

ሁለት ልጆች አሉ። ሀናን በአንድ እግሯ
ቅዳሜ ላይ ቆማ፣ ይወዛወዛል ጸጉሯ፤
ቤዛዊት ታያለች፣ መስመር ረገጥሽ ልትል፣
አፏን አዘጋጅታ፣ ዳኛ ለመምሰል።
«ይለፉ እማማ» አሉኝ፤ ሳቃቸውን ዘጉ፣
እንደ ቢሮ ሰዎች ጥግ ጥጉን ፈለጉ።

የኔ ሰኞ ፋይል ነው፣ ማክሰኞዬ ስብሰባ፣
ረቡዕ ባንክ ቤት፣ ሐሙስ የወረፋ ጀርባ፣
አርብ ደግሞ ሪፖርት፣ ሳልጨርስ የሚገባ።
ይህ ሳምንት እኮ ነው፣ መዝለያ የነበረ!
ጠጠሬ ግን የቱ ቀን ላይ ወድቆ ቀረ?

«ጠጠሯን ስጪኝ እስቲ።»
ማን እንዳለው እንጃ። ድምፁ የኔ ነበር።

ዞር አልኩ፤ ይሉኝታ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣
አንገቱን አውጥቶ ያየኛል አፍጥጦ።
ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ያዝኩ፤
ወረወርኩ።

ጠጠሯ ሰኞ ላይ ቁጭ አለች በልኳ፤
ዘለልኳት ሰኞን፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ እንኳ!
ማክሰኞ ጉልበቴ «ቋ» ብሎ ተጣራ፣
ረቡዕ ላይ ወገቤ ስሜን ጠራ በተራ፣
ሐሙስን አለፍኩ፣ አርብ ላይ ተንገዳገድኩ፣
በሁለት እጄ አየሩን እንደ ይብራ ቀዘፍኩ፣
«መስመር ነካሽ!» አለች ቤዛዊት ጮክ ብላ፣
«እማማ»ን፣ «ይለፉ»ን እዚያው ላይ ጥላ።

ነካሽ። አንቺ።
ከእናቴ ሞት ወዲህ «አንቺ» ያለኝ ማን ነው?

ሳቅኩ። መጀመሪያ በጉሮሮ፣ ቀጥሎ በሆዴ፣
ጎኔን ደግፌ በዚያው በተለካው ክንዴ።
ዓሣ ጠባሹ ወጣ፣ ጭልፋውን እንደያዘ፤
ባጃጁም ነጎደ፣ ይሉኝታዬም ተጓዘ።

ትንፋሼ ሲመለስ ጣናን አየሁት፤
እምቦጩን ገፍቶ ማዕበሉ ዳር ሲጫወት፣
የደንገል ታንኳ ላይ ሁለት ዓሣ አስጋሪ
ውሃ ይረጫጫሉ፤ ሽበታም፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ።

ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ይርሳውን አመጣሁት፤
የበጀቱ ሹም ነው፣ ክራቫቱን አስፈታሁት።
እንቅልፍ ከራቀው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤
ቅዳሜ ላይ ወድቆ እሑድን ስቷታል።
በማግስቱ አርፍዶ ገባ፣ ፊቱ አብጦ፤
«ተኝቼ ነው» አለኝ፣ ሰርቆ እንደ ተያዘ ሰው ደንግጦ።

ወር ሲሞላ ሲስተር ክንዴን አስራ ነፋች፣
ቁጥሩን አይታ ዝም፣ ደግማ ቁጥር ጻፈች።
ወርዷል፣ ጥቂት ብቻ። «ጨዉ ነው» አለች፣ «ጨው!»
እኔ ግን የቀነስኩት ጨዋነቴንም ነው።
ከ«ጨዋ» እስከ «ጨዋታ» አንዲት ፊደል ናት፤
ሃያ ስድስት ዓመት እሷን ነው ያጣኋት።

ነገ ሰኞ ነው፤ ፋይሉ ይጠብቀኛል።
ጉልበቴ እንደሆነ እስካሁን ያመኛል።
ቦርሳዬ ውስጥ ግን፣ ከክኒኑ አጠገብ፣
አንዲት ጠጠር አለች፣ ያልሰፈረች በመዝገብ።
ሀናን ናት ያበደረችኝ።
ሐሙስ እመልሳለሁ ብያታለሁ።